24 ካፕሱል

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ሆዴንም ባር ባር ይለዋል። መ. ትናንት በስልክ «ሰው ሁሉን አጥቶ እንደገና ከየት ይጀምራል?» ያለችኝ ከጆሮዬ አልጠፋም። የማጣት ነገር ሲነሳ የእኔ ሐሳብ ሁልጊዜ ግራዲየስ ወደሚባለው የተኩስ ቪዲዮ ጌም ነው የሚያዘነብለው፤ ያውም ወደ ኤምኤስኤክሱ ቅጂ።

ኮናሚ ጌሙን እ.ኤ.አ. በ1985 ለመጫወቻ ቤት ማሽን አወጣው፤ በ1986 በካርትሪጅ ለኤምኤስኤክስ የቤት ኮምፒውተር ደረሰ። አውሮፓ ውስጥ ኔመሲስ ይሉታል። ቪክ ቫይፐር የምትባለው መንኮራኩር ራቁቷን ትነሳለች፤ ያላት አንድ ተራ ጥይት ብቻ ነው። ከተመቱ ጠላቶች የሚወድቀው እያንዳንዱ ካፕሱል የኃይል መስመሩን አንድ ቤት ያራምደዋል፦ ፍጥነት፣ ሚሳይል፣ ደብል (ወደ ፊትና ወደ ላይ በአንዴ የሚተኩስ)፣ ሌዘር፣ ኦፕሽን (ከመንኮራኩሯ ኋላ እየሄደ አብሯት የሚተኩስ ኳስ)፣ መጨረሻ ላይ በጥያቄ ምልክት የተጻፈው ጋሻ። ሁለተኛው ቁልፍ ሲጫን የበራው ይገዛል፤ ቆጠራው እንደገና ከባዶ ይነሳል። ስለዚህ ፍጥነት 1 ካፕሱል ያስወጣል፣ ሚሳይል 2፣ ሌዘር 4፣ ኦፕሽን 5፣ ጋሻ 6። ሁለት ፍጥነት፣ ሚሳይል፣ ሌዘር፣ ይህ ቅጂ የሚፈቅዳቸው ሁለት ኦፕሽኖች፣ ከዚያ ጋሻ፦ ሲደመር 24። ጋሻው ካለቀ በኋላ አንዲት ጥይት ከነካች 24ቱም በአንድ ቅጽበት ይሄዳሉ።

ሦስተኛው ቤት ላይ መጠንቀቅ ነው። ደብልና ሌዘር አብረው አይኖሩም። ሌዘር የያዘ ሰው ወደ ኦፕሽን ሲቆጥር ተቻኩሎ ሦስተኛው ላይ ከተጫነ ሌዘሩን በደብል ይለውጠዋል፤ ለመመለስ ሌላ 4 ካፕሱል ይለቅማል። ፍጥነትም ከሁለት በላይ አልመክርም። ሦስተኛው ፍጥነት ክፍት ቦታ ላይ ደስ ይላል፤ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ግን አቅጣጫ ጠቋሚውን በትንሹ ነካ ማድረግ ከግድግዳ ያላትማል። ግድግዳው ራሱ ደግሞ በዚህ ማሽን ላይ እየተንሸራተተ አይመጣም፤ በ8 ፒክስል እየዘለለ ነው። መንኮራኩሯ በለስላሳ ትሄዳለች፣ መሬቱ ይዘላል። አሁን ክፍት የሚመስለው ቦታ በሚቀጥለው ዝላይ ድንጋይ ይሆናል፤ ስለዚህ ከፊትም ከሥርም የአንድ ዝላይ፣ ማለትም የ8 ፒክስል ያህል ስፋት መተው ግድ ነው።

ከሁሉ የምወደው የኦፕሽኖቹ ነገር ነው። መንኮራኩሯን በቀጥታ አይከተሉም፤ የሄደችበትን መንገድ ነው የሚደግሙት። ስትቆም ባሉበት ይቆማሉ። ከታች ወደ ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ መቆም ሦስቱን በአንድ ቋሚ መስመር ይደረድራቸዋል፤ ሌዘሩም ሦስት ረድፍ ይጠርጋል። ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። የኤምኤስኤክስ የምስል ቺፕ፣ ቲኤምኤስ9918፣ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ4 ስፕራይት (በስክሪኑ ላይ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ትንሽ ምስል) በላይ አያሳይም፤ አምስተኛው ይሰወራል። እያንዳንዱ ስፕራይት አንድ ቀለም ብቻ ስላለው ሁለት ቀለም የሚፈልግ ምስል ሁለት ስፕራይት ይበላል። መንኮራኩሯና ኦፕሽኖቿ ጎን ለጎን ከተሰለፉ ያ መስመር ሞላ ማለት ነው፤ በዚያው ከፍታ የሚመጣ ነገር ብልጭ ድርግም ሊል ወይም ከነአካቴው ሊጠፋ ይችላል። «ከየት መጣ?» የሚባለው ሞት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ኦፕሽኖችን ወደ ላይና ወደ ታች መዘርጋት ማጥቂያ ብቻ ሳይሆን ማያም ነው። በተከታዩ ሞዴል፣ በኤምኤስኤክስ 2 ላይ መጫወትም አያድንም፤ ጌሙ የተጻፈው ለመጀመሪያው ዓይነት ስፕራይት ስለሆነ ገደቡ እዚያም 4 ነው።

ልምምዱ ስክሪኑን በሰከንድ 50 ጊዜ በሚያድስ (50 ሄርትዝ) የአውሮፓ ማሽን ከሆነ ጌሙ በ60 ከሚሄደው የጃፓኑ በስድስት አንድ እጅ ይዘገያል። እጅ የለመደው ምት ማሽን ሲቀየር ይከዳል፤ ስለዚህ አንዱን መርጦ መጽናት ይሻላል። የአታሪ ዓይነት ባለ አንድ ቁልፍ ጆይስቲክ ይሰካል፣ ይተኩሳልም፤ ካፕሱል የሚገዛበት ሁለተኛ ቁልፍ ግን የለውም፣ ለእሱ ሌላ እጅ ወደ ኪቦርዱ መላክ ሊኖርበት ነው።

ይህ ሁሉ ግን 24ቱን ለያዘ ሰው ነው። ጌሙን ቻለው የሚባለው ካፕሱሎቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ከመሃል መንገድ ራቁቱን ተነስቶ የሚወጣው ነው እላለሁ። ብዙዎች ከመጀመሪያው ደረጃ እየተነሱ ሁለቱን እሳተ ገሞራዎች መቶ ጊዜ ያልፋሉ፤ እዚያ ግን ትጥቃቸው ሙሉ ነው፣ የሚማሩት ትንሽ ነው። አስቸጋሪ ቦታ ላይ ሆን ብሎ ሞቶ ከዚያው መነሳት ነው ልምምድ። የመጀመሪያው ካፕሱል ያለክርክር ለፍጥነት ነው፤ ያለ እሱ ጥይት ማምለጥ አይቻልም።

የሚያስቸግረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሞአይ የሚባሉት ግዙፍ የድንጋይ ራሶች ደረጃ ላይ ሐውልቶቹ የሚመቱት አፋቸው ሲከፈት ብቻ ነው፤ ሲከፈት ደግሞ ቀለበት የሚመስሉ ጥይቶችን ይተፋሉ። ከታችም ከላይም አሉ። ራቁት መንኮራኩር ይዞ ሁለተኛው ካፕሱል ሲገኝ ወዲያው ሁለተኛ ፍጥነት ልግዛበት፣ ወይስ ይዤው ልቆይና በሦስት ተጨማሪ ሌዘር ላድርገው? ፍጥነቱን ስገዛ አመልጣለሁ፣ ግን አልገድልም። ስጠብቅ ደግሞ ሦስቱ እስኪመጡ በአንድ ፍጥነት እነዚያን ቀለበቶች ማለፍ አለብኝ። የትኛው ነው ትክክል?