የዲፒካ ፓዱኮኔን ታሪክ ለትረካ ያዘጋጀሁት እንዲህ ነው

ስለ ህንድ ተዋናዮች በአማርኛ የሚተረከው አብዛኛው ነገር ከፍቅር ወሬ ይጀምርና በሀብት ግምት ያልቃል። መሃል ላይ ሥራቸው ይጠፋል። የዲፒካ ፓዱኮኔን ታሪክ በድምፅ ለመተረክ ሳስብ ይህ እንዳይሆን ፈለግኩ። እኔ የምወዳት በሥራዋ ነውና።

ስለዚህ ምንም ከመጻፌ በፊት ፊልሞቿን በወጡበት ቅደም ተከተል አየኋቸው። ጊዜ ይወስዳል። ግን ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አላውቅም። አንዲት ተዋናይ የት ላይ እንደበሰለች ቃለ መጠይቅ አይነግራችሁም። ፊልሞቹን በተራ ስታዩ ግን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ድምፅዋን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 ባደገችበት አካባቢ ቋንቋ፣ በካነዳ፣ አንድ ፊልም ሠራች። በ2007 ከሻሩክ ካን ጋር በ«ኦም ሻንቲ ኦም» ወደ ቦሊውድ ገባች። በዚያ ፊልም ላይ የምንሰማው ድምፅ ግን የሷ አይደለም። ሞና ጎሽ ሼቲ የምትባል የድምፅ ባለሙያ ናት የተናገረችላት። ፊልሙ በጣም ተወደደ፣ ዲፒካም ፊልምፌር ከተባለው የህንድ የፊልም ሽልማት የምርጥ ጀማሪ ተዋናይትን ወሰደች። አሁን ወደ 2013 ዝለሉ። «ቼናይ ኤክስፕረስ» ላይ ግማሹ ሳቅ የሚመጣው ከሷ የታሚል ቅላጼ ነው። በ2015 «ፒኩ» ላይ ደግሞ ከአሚታብ ባችቻን ጋር አባትና ልጅ ሆነው ቀኑን ሙሉ ይነታረካሉ። አባቱ ሆዱ ደርቆበት ዓለምን የሚያስጨንቅ ሽማግሌ ነው። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ደክሟት፣ ተሰላችታ፣ ግን እየወደደችው ትመልስለታለች። ወላጅ ያስታመመ ሰው ያንን አነጋገር ያውቀዋል። በሰው ድምፅ ከጀመረች ተዋናይት እዚህ መድረስ ስምንት ዓመት ፈጀ። ትረካዬን የጀመርኩት በዚሁ ነው።

መሃሉ ቀላል አልነበረም። ከመጀመሪያው ድል በኋላ ከሠራቻቸው ፊልሞች ብዙዎቹ አልተሳኩም፣ ተቺዎችም አልማሯትም። የተለወጠው በ2012 «ኮክቴል» ላይ ነው። መጀመሪያ የቀረበላት የጨዋዋ ልጅ የሚራ ሚና ነበር። የጽሑፉ ደራሲ ኢምቲያዝ አሊ ግን ቬሮኒካን አስቢባት አላት። ቬሮኒካ የምትጠጣ፣ የምትጨፍር፣ ውስጧ የተሰበረ ልጅ ናት። ዲፒካ እሷን መረጠች። በቀጣዩ ዓመት የወጡት አራት ፊልሞቿ ገበያው ላይ አሸነፉ። እዚህ ጋ ትረካውን አዘገየሁት። ሰው የሚያውቃት ከ2013 በኋላ ባለው ዝናዋ ነው፤ እኔ ግን ያቺን የ2012 ምርጫ አብልጬ አከብራታለሁ።

አንድ የአሠራር ነገር ልንገራችሁ። ዓመተ ምህረቱን ወደኛ አቆጣጠር ልቀይር ብዬ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። «ፓድማቫት» የተባለው ፊልሟ የወጣው በጃንዋሪ 2018 ነው፣ ሰርጓ ደግሞ በኖቬምበር 2018። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ዓመት ነው፤ በኛ ግን አንዱ 2010 ሌላው 2011 ላይ ይወድቃል። ለአድማጭ ግራ ነው። መግቢያው ላይ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር እንደሆነ አንድ ጊዜ ተናግሬ ቀጠልኩ።

ለግል ሕይወቷ አንድ ሕግ አወጣሁ። ራሷ በአደባባይ የተናገረችውን ወይም ቤተሰቧ ያሳወቀውን ብቻ እተርካለሁ። በዚህ ሕግ ብዙ ወሬ ወደቀ፣ ግን የቀረው ከበቂ በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ኮፐንሃገን ተወለደች። አባቷ ፕራካሽ ፓዱኮኔ በ1980 ታላቁን የኦል ኢንግላንድ የባድሚንተን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ህንዳዊ ነው። ቤተሰቡ ሕፃን ሳለች ወደ ባንጋሎር ተመለሰ። እሷም ባድሚንተንን በብሔራዊ ደረጃ ተጫውታለች። ንጋት ላይ ተነስቶ ልምምድ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ እንደገና ልምምድ። ያ ዲሲፕሊን ፊልም ውስጥም አብሯት እንዳለ ትናገራለች።

በ2016 «ፒኩ» የፊልምፌር ሽልማት ሲያስገኝላት መድረክ ላይ አባቷ የጻፈውን ደብዳቤ አነበበች። እያለቀሰች ነው ያነበበችው። ደብዳቤው ወላጆቿ ቤት ስትመጣ አልጋዋን ራሷ እንደምታነጥፍ፣ ከምግብ በኋላ ገበታ እንደምታነሳ፣ እንግዳ ከበዛም መሬት ላይ እንደምትተኛ ያነሳል። ይሄን ክፍል ስቀዳ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እንደገና አልቀዳሁትም፣ እንዳለ ተውኩት።

ከተዋናዩ ራንቪር ሲንግ ጋር የተጋቡት ጣሊያን ኮሞ ሐይቅ ዳር ነው። አንድ ቀን በሷ በኮንካኒ ወግ፣ በማግስቱ በሱ በሲንዲ ወግ። በሴፕቴምበር 2024 ሴት ልጅ ወለዱ። ይሄን በአጭሩ አለፍኩት። ደስታቸው ነው፣ የሚጨመርበት ነገር የለም።

ብዙ ጊዜ የቆየሁት በ2014 ላይ ነው። ሙያዋ ከፍታው ላይ በነበረበት ወቅት፣ አንድ ጠዋት ሆዷ ውስጥ ባዶነት ተሰምቷት ተነሳች። ዝም ብላ ታለቅሳለች። ሊጠይቋት የመጡት እናቷ ሥራው ነው ወይ፣ የፍቅር ነገር ነው ወይ ብለው ጠየቋት። መልስ አልነበራትም። እናትየዋ የባለሙያ እርዳታ እንደሚያስፈልጋት የገባቸው ያኔ ነው። ድባቴ ነበር። ታከመች። በ2015 በቴሌቪዥን ወጥታ ተናገረች፣ በዚያው ዓመት «ሊቭ ላቭ ላፍ» የተባለውን የአእምሮ ጤና ድርጅት መሠረተች።

ይህን ክፍል ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘመዴ አነበብኩላት። የረዳችኝ ነገር አለ። «ሀብታምና ዝነኛ ሆና ሳለ» የሚለውን አገላለጽ አውጪው አለችኝ፤ ሕመም ምክንያት የሚጠየቅ ያስመስለዋልና። እውነቷን ነው። መድኃኒትና የምክር አገልግሎት መውሰዷን ግን በግልጽ እንድናገር አደረገችኝ። በኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሕመም በሹክሹክታ ነው የሚወራው። ከአድማጮቼ አንዷ ይሄን ክፍል ለእህቷ እንዳሰማቻት ስትነግረኝ በሙሉ ልቤ ደስ አለኝ።

ምግቡን መጀመሪያ እንደ ማጣፈጫ ነበር ያሰብኩት። ዲፒካ ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው የቤት ምግብ ራሳም በሩዝ ነው። የደቡብ ህንድ ቀጭን ሾርባ ነው፣ የሚያቃጥልና የሚኮመጥጥ። ስለ ቀመሱት ነገር መናገር ይሻላል ብዬ ቤት ሠራሁት። ሁመር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ጨመቅኩ። ቲማቲም፣ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ እርድ ጨምሬ አፈላሁት። የተቀቀለ የምስር ክክ ከነውሃው ገባበት። በመጨረሻ ቅቤ አግዬ የሰናፍጭ ፍሬና ደረቅ ቃሪያ አንጣጣሁበትና ላዩ ላይ ደፋሁት። እነሱ የካሪ ቅጠል ይጨምራሉ፤ እኔ የድንብላል ቅጠል በተንኩበት። ከሁመሩ በቀር ሁሉም ከእናቴ የቅመም ዕቃ የወጣ ነው። እማዬ ቀምሳ «ይሄማ የጉንፋን ነው» አለች። ልክ ናት፣ እዚያም ጉንፋን የያዘው ሰው ይጠጣዋል።

ዶሳና ኢድሊም ትወዳለች። ሩዝና ምስር መሰል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ ተፈጭቶ ያድራል፤ ኩፍ ሲል ዶሳው ምጣድ ላይ ይጋገራል፣ ኢድሊው በእንፋሎት ይበስላል። ሊጥ ለሚያቦካ አድማጭ ይሄን ማስረዳት አያደክምም። ሌላም አለ። ቡታን ሄዳ የበላችውን ኤማ ዳትሺ ከማትረሳቸው ምግቦች አንዱ አድርጋ አንስታዋለች። ቃሪያ በአይብ ነው፣ ቃሪያው ራሱ ዋናው አትክልት የሆነበት። ይሄን ስሰማ እኛ ቤት ብትመጣ ምን እንደምናቀርብላት ወዲያው ነው ያሰብኩት።

ምግቡን በመጨረሻው የትረካ ዕቅዴ ከአባቷ ደብዳቤ ጎን አስቀመጥኩት፣ ቤት ከሚለው ክፍል ጋር። እዚያ ነው ቦታው። የፊልም ገቢና የሀብት ቁጥሮችን ግን ሙሉ በሙሉ አወጣኋቸው፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፣ ማንንም በእርግጠኝነት ልነግረው አልችልም። ማንም አልጠየቀኝም።

ቀጥዬ የማዘጋጀው የሌላዋን ህንዳዊት ተዋናይ የስሪዴቪን ታሪክ ነው። በአራት ዓመቷ ካሜራ ፊት የቆመች ናትና ከሕፃንነት ፊልሞቿ ነው የምጀምረው፣ በተራቸው።