ሴሽን ሲያልቅ ፋይሉን ማን ያጥፋው?

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ትንሽ ዌብ አፕሊኬሽን እየሠራሁ ነው። ደንበኛው ከስልኩ ፋይል ይልካል፣ እነሱ ያትሙለታል፣ በቃ። የሚላከው ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ አለ፣ ትራንስክሪፕት አለ፣ የቤት ሽያጭ ውል አለ። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ከወጣ በኋላ ይሄ ሁሉ ሰርቨር ላይ ምን ያደርጋል?

አብዛኛው ፕሮግራመር ቶሎ የሚመጣለት መልስ «ሴሽኑ ሲያልቅ ፋይሉም ይጥፋ» ነው። ሴሽን ማለት ሰርቨሩ አንድን ደንበኛ ገጹን እየተጠቀመ እስካለ ድረስ ለይቶ የሚያስታውስበት መዝገብ ነው። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚሁ የሚሆን ሊስነር፣ ማለትም አንድ ነገር ሲከሰት በራሱ የሚጠራ ኮድ፣ አለ፤ ሴሽኑ ሲዘጋ ይጠራል፣ አንተ ደግሞ መሰረዣውን እዚያ ውስጥ ትጽፋለህ። ሲያዩት ያምራል። እኔ ግን አላምነውም።

ደንበኛው ብራውዘሩን ቢዘጋ ሰርቨሩ አያውቅም። ባትሪው ቢያልቅ፣ ዳታው ቢያልቅ፣ ባጃጅ ይዞ ቢሄድ ያው ነው። ሰርቨሩ ያለው አማራጭ ሰዓት መቁጠር ነው፤ የጃቫ ዌብ ሰርቨር የሆነው ቶምካት ሌላ ካላዘዝከው 30 ደቂቃ ይጠብቃል። ፒኤችፒ በሚባለው ሌላ የዌብ ቋንቋ ላይ ደግሞ 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው፣ ግን ጊዜው ሞላ ማለት ወዲያው ተጸዳ ማለት አይደለም፤ ጽዳቱ በዕጣ ስለሆነ የሚነሳው፣ ወደ ሰርቨሩ መጥተው ሴሽን ከሚከፍቱት ጥያቄዎች በአማካይ ከ100 በአንዱ፣ ሰው በማይገባበት እሁድ ከሰዓት የሚቀሰቅሰው የለም። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ዕጣውን ትቶ ሰዓት ጠብቆ እየተነሳ ያጸዳል። እሱም ቢሆን የሚያጠፋው የሴሽኑን የራሱን ፋይል እንጂ አንተ ሌላ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጥከውን ፒዲኤፍ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን መብራት ነው። ሰርቨሩ እዚያው ቤት ጥግ ላይ ያለች ኮምፒውተር ናት። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ትንሽ ይታገልና እሱም ይሄዳል። ፕሮግራሙ እንዲህ ድንገት ሲሞት ሊስነሩን ማን ይጠራዋል? ማንም። ሴሽኑ ሚሞሪ ላይ ብቻ ከነበረማ መብራት ሲመጣ ያ መታወቂያ የማን እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም፣ ፋይሉ ግን ዲስኩ ላይ አለ።

ስለዚህ ማጥፋቱን ለሴሽኑ አልተውኩትም። ፋይሉ ሲገባ ዳታቤዝ ላይ ስሙና የሚጠፋበት ሰዓት ይመዘገባል፤ ደንበኛው ገጹን በነካ ቁጥር ሰዓቱ ወደፊት ይገፋል። ክሮን የሚባለው ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ የሊኑክስ ፕሮግራም በየ15 ደቂቃው እየተነሳ ጊዜው ያለፈበትን ይሰርዛል፣ ኮምፒውተሯ ስትነሳም እንደዚሁ። መጀመሪያ ፋይሉ ይጠፋል፣ ከዚያ መዝገቡ። ተቃራኒው ከሆነና መሀል ላይ መብራት ከሄደ መዝገብ የሌለው ፋይል ይቀራል። ፋይሉ ቀድሞ ጠፍቶ ከተገኘም ስህተት አይደለም፣ መዝገቡን ሰርዞ ማለፍ ነው። መዝገብ ሳይኖረው የተገኘ ፋይል ደግሞ በዕድሜው ይጠፋል፣ ግን ረዘም ካለ ጊዜ በኋላ፣ ምክንያቱም በደካማ ኔትወርክ ገና እየተጫነ ያለ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሊኑክስ ላይ ሌላ ፕሮግራም የከፈተውን ፋይል ብትሰርዝ ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው የሚለቀቀው ያ ፕሮግራም ሲዘጋው ነው። ሰርዘህ ሰርዘህ ዲስኩ አሁንም ሙሉ ነው ካለህ፣ ፋይሉን ማን እንደያዘው እይ።

የቤቱ ባለቤት ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «አንተ ልጅ፣ ሰውየው ነገ መጥቶ አንድ ኮፒ ድገምልኝ ቢለኝስ?» ነበር። እውነታቸውን ነው፣ የሚመለስ ደንበኛ ብዙ ነው። ግን «ሁሉም ይቀመጥ» በሚለው አልተስማማሁም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። መጨረሻ ላይ የተስማማነው ደንበኛው ራሱ «እስከ ነገ ይቆይልኝ» የሚል ሳጥን እንዲነካ ነው። ከነካ 24 ሰዓት። ካልነካ «ታትሟል» እንደተባለ ይጠፋል።