ንጣቱ ሲዋዥቅ ቫልቩን ጠርጥሩ

ስዊድን ሰሜን ውስጥ በአንድ የፐልፕ (የወረቀት ጥሬ ዕቃ) ፋብሪካ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ቴክኒሽያን ነኝ። የምውለው ፐልፑ የሚነጣበት ክፍል ነው። ከእንጨት ተቀቅሎ የወጣው ፐልፕ ቡናማ ነው፤ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በየደረጃው እየተጨመረበት ይነጣል።

አንድ ሰሞን የንጣቱ ልኬት ከፍ ዝቅ ማለት አበዛ። ኦፕሬተሮቹ ከደረጃ በታች እንዳይወርድባቸው ክሎሪን ዳይኦክሳይዱን ጫን አደረጉት። ኬሚካሉ ደግሞ ውድ ነው። ሴንሰሩ ይቀየር የሚል ወሬ በዛ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ዓይነት ነገር።

እኔ መጀመሪያ የክሎሪን ዳይኦክሳይዱን የፍሰት መቆጣጠሪያ ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል አዞርኩት። መዋዠቁ ቆመ። እንግዲያው ጣጣው ከሚመጣው ፐልፕ አይደለም፣ እዚሁ ነው። ቀጥዬ ለቫልቩ የሚሄደውን ትእዛዝ በ1 በመቶ ብቻ ከፍ አድርጌ ጠበቅኩ። ፍሰቱ ንቅንቅ አላለም። ደገምኩት፤ ያው ነው። እንደገና ስጨምር ግን በአንዴ ዘለለ።

የሚያሞኘው ስክሪኑ ነው። ፖዚሽነሩ፣ ቫልቩን በታዘዘው ልክ የሚያዞረው መሣሪያ፣ ትእዛዙን በሥርዓት እንደተከተለ ያሳይ ነበር። ግን ፖዚሽነር የሚያነበው ዘንጉን እንጂ፣ በዘንጉ እየዞረ ፍሰቱን የሚከፍትና የሚዘጋውን ውስጥ ያለውን ኳስ አይደለም። መፍታቱ ራሱ ቀልድ አይደለም፤ መስመሩ በውሃ ታጥቦ፣ የጋዝ ጭንብል ተደርጎ ነው። ስንፈታው የዘንጉና የኳሱ መጋጠሚያ ተበልቶ ላልቷል። ዘንጉን በእጅ ትንሽ ስናዞረው ኳሱ ዝም። በዚያ ላይ ቫልቩ «ወደፊት ምርት ሲጨምር» ተብሎ የተገዛ ትልቅ ነው። አዘውትሮ የሚሠራው ከ10 እስከ 15 በመቶ ተከፍቶ ነበር፤ እዚያ ላይ ትንሽ ንቅናቄ ፍሰቱን በብዙ ይለውጠዋል።

በምትኩ በተለመደው ምርት ግማሽ ገደማ ተከፍቶ የሚሠራ፣ አነስ ያለ የቲታኒየም ቫልቭ አስገባን። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ተራውን ስታንለስ ስቲል ይበሳሳዋል። የመቆጣጠሪያውን ቅንብር የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው። ልኬቱ ሲረጋ ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው መጠኑን ዝቅ አደረጉ።

«ታዲያ ሁሉንም ቲታኒየም አናደርገውም?» ያለኝ ባልደረባ ነበር። አይሆንም። ትኩስና አልካላይ የሆነ ፐርኦክሳይድ ቲታኒየምን ይበላል። ፐርኦክሳይድ ሌላም አመል አለው። ተራ ቦል ቫልቭ ሲዘጋ ኳሱ ውስጥ ፈሳሽ ይቀራል። ፈሳሹ ቀስ እያለ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይፈርሳል፤ ዝገት ካገኘማ ይፈጥናል። መውጫ ያጣው ጋዝ ቫልቩን ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ኳሱ ላይ፣ ሲዘጋ ፈሳሹ ወደሚመጣበት በኩል የሚዞር ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። እንዲህ ያለውን ቫልቭ ገልብጦ መግጠም የለም፤ ስገጥም የፍሰቱን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት ሁለቴ አያለሁ።

የ1 በመቶውን ሙከራ አሁን የምሠራው ፋብሪካው ለዓመታዊ ጥገና ከመቆሙ በፊት ነው፣ ከኦፕሬተሩ ጋር ተነጋግሬ። መስመሩ ባዶ ሲሆን የታመመውም ቫልቭ ደህና ይንቀሳቀሳል። የትኛው እንደሚፈታ የምለየው በሥራ ላይ እያለ ነው።