ግድግዳው ውስጥ ቋሚ የለም

ደንበኛችን የፈለገው የኤድዋርድ ሆፐርን መስኮት ነበር። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ኬፕ ኮድ ዳርቻ ትሩሮ ላይ አነስ ያለች ቤት አሠራ። ንድፉን ራሱ አወጣ፤ ገንዘቡ ባለቤቱ ጆ የወረሰችው ነበር። እስከ እርጅናቸው ሞቃታማዎቹን ወራት እዚያ ያሳልፉ ነበር። የቤቷ ጉልህ ነገር የሥዕል ክፍሉ ትልቅ የሰሜን መስኮት ነው። ፀሐይ በቀጥታ ስለማይገባበት ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ለሠዓሊ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ደንበኛችን እዚያው አካባቢ በጣም የቆየ ቤት ገዝቷል። እኔ አናጢ ነኝ። የተሰጠን ንድፍ የሰሜኑን ግድግዳ ከፍተን ሦስት ሜትር የሚሆን መስኮት እንድናስገባ ነው።

የሴዳር ሺንግሉን መንቀል ጀመርን። ሺንግል እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ግድግዳ የሚያለብስ ስስ እንጨት ነው። ብዙ ጊዜ ቀለም አይቀቡትም፤ የባሕሩ አየር ራሱ ግራጫ ያደርገዋል። ከሥሩ ግን ንድፉ ላይ የተሣለው ቋሚ፣ ማለትም እየተራራቀ የሚቆመው ተሸካሚ እንጨት፣ የለም። ያገኘነው ከታች እስከ ላይ የቆሙ ሰፋፊ ጣውላዎች ነው። ጎን ለጎን ተደርድረው ታችና ላይ ካለው አግዳሚ ጋር በሚስማር ተመተዋል። መጋዝ ያለፈበት መስመር አሁንም በእጅ ይዳሰሳል። በጣም ያምራል።

አለቃችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። "ማንም እንዳይቆርጥ!" አሉ። ጣሪያውን የተሸከሙት እነዚያ ጣውላዎች ናቸው። ሦስት ሜትር ብናወጣ የላይኛው አግዳሚ ይጎብጣል፤ ጣሪያውም ይከተላል።

ደንበኛው ተናደደ። አይፈረድበትም፤ ንድፉን ያወጣው ሰው ግድግዳውን ከፍቶ አላየም። "ታዲያ ሆፐር እንዴት ቻለ?" አለ።

አለቃችን አስረዱት። ሆፐር አዲስ ቤት ነው የሠራው፤ መስኮቱን ከመጀመሪያው አስቦበታል። የጥንቱ የኬፕ ኮድ ቤት ግን የተሠራው ለነፋስ ነው። እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጀመሩት አሠራር ነው። ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው ቁልቁል የወረደ፣ መሐሉ ላይ ግዙፍ ጭስ ማውጫ ያለው። ፊቱን አብዛኛውን ጊዜ ለደቡብ ፀሐይ ይሰጣል፤ ከባዱ የክረምት ማዕበል የሚመጣው ከሰሜን ምሥራቅ ነው። አቅም የሌለው ከበሩ በአንድ ወገን ሁለት መስኮት ያለው ግማሽ ቤት ይሠራል፤ ሲያልፍለት ሌላውን ወገን ይጨምራል። እንዲህ ያለ ቤት ጀርባው ላይ ሦስት ሜትር መክፈት ለእኔም ልቤን ከበደኝ።

ደግነቱ፣ ከኋላ በቅርብ ዘመን በቋሚ የተሠራ ተጨማሪ ክፍል ነበር። መስኮቱን ጠበብ አድርገን እዚያ በሰሜን በኩል አስገባነው። ከላይ ወፍራም አግዳሚ፣ ከግራና ቀኝ ድርብ ቋሚ አደረግንለት። የአሮጌውን ግድግዳ ሺንግል መልሰን መታነው።

አለቃችን አሁን አሮጌ ቤት ላይ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ጥቂት ሺንግል ነቅለው ያያሉ። እኔም ንድፍ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ግድግዳው ተከፍቶ ታይቶ እንደሆነ ነው።