ከገበሬው በቀጥታ አትክልት ለማምጣት ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የኬላውን ነገር ጨርሱ

ይህን የምጽፈው ማንም ስላልነገረኝ ነው። ስለ ዘር የሚመክር ሞልቷል። ስለ ኬላ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች ሐይቅ ዙሪያ፣ ተሁለደሬ ውስጥ ትንሽ ትንሽ የመስኖ ማሳ ካላቸው ገበሬዎች ጋር ተስማማን። እኛ ገንዘብ አስቀድመን እንሰጣለን፣ እነሱ በየሳምንቱ ማሳው የሰጠውን ያመጡልናል። ሲተርፍ እንካፈላለን፣ ሲጎድልም እንችለዋለን። አሠራሩ አዲስ አይደለም። ጃፓኖች ድሮ «ተይኬይ» ብለው ጀምረውታል፣ አሜሪካም በ1986 እ.ኤ.አ. ገብቷል። እኛ ሰፈር ግን ይህን ሁሉ ማውራት አያስፈልግም። በገንዘብ ፋንታ ጎመን የሚደርስበት እቁብ ነው ስትሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ሰው ማሰባሰቡ ቀላል ነው። የቅሬ፣ ማለትም የእድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ፣ እዚያው ተመዘገቡ። የቅሬ ሰው ብር አይክድም፣ ነገ ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ። ክፍያውን ግን ሙሉ በሙሉ አስቀድማችሁ አትጠይቁ። ደመወዝተኛ ቤት አንዴ አውጥቶ አይችልም። ግማሹ መጀመሪያ፣ ለዘርና ለችግኝ። ቀሪው በየወሩ።

ስለ አዘራሩ አንድ ነገር ልበል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ኩታ ገጠም ይሁን፣ ሁሉም ሽንኩርት ይትከል አለን። አይሱዙ ሞልቶ ለሚጭን ነጋዴ ልክ ነው። ለእኛ ግን አይሆንም። ሁሉም ሽንኩርት ከተከለ ሽንኩርቱ በአንድ ጊዜ ይጎርፍና ከዚያ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። እኛ የሚያስፈልገን በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት መደብ እየተዘራ ተከታትሎ የሚደርስ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ነው። በዚህ ነገር የባለሙያ ምክር አትስሙ። እኛ ሼሁ የምንላቸው ገበሬ «የእናቴ ጓሮ እኮ እንዲሁ ነበር» ብለው በሳቅ ጨረሱት።

አሁን ወደ ኬላው።

የመጀመሪያው ጭነት በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ነበር የመጣው። ቲማቲሙ በሳጥን፣ ቅጠላ ቅጠሉ በማዳበሪያ ከረጢት። ሼሁ ራሳቸው አብረው ተሳፍረዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ያዙን።» ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

ስደርስ ጭነቱ መሬት ላይ ወርዷል። ሚኒባሱ ሌላ ተሳፋሪ ስላለው ጥሏቸው ሄዷል። የኬላው ልጅ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ደረሰኝ አምጡ ይላል።

«የራሴ ጎመን ነው። ከማን ነው ደረሰኝ የምቆርጠው?» ይላሉ ሼሁ።

«ለገበያ ከሆነ ደረሰኝ ይኖረዋል።»

«ለገበያ አይደለም።»

«ታዲያ አንቱ ይሄን ሁሉ ብቻዎን ሊበሉት ነው?»

ገባሁበት። ቀድመን የከፈልን ቤተሰቦች ነን፣ ነጋዴ የለበትም ብዬ አስረዳሁ። «ከከፈላችሁማ ተሽጧል ማለት ነው፤ የንግድ ፈቃድ አምጡ» አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ንግድ ፈቃድ አይመለከታችሁም፣ ማኅበር ሆናችሁ ተደራጁ አሉኝ። የማኅበሩን ጉዳይ ወደሚይዙት ደወልኩ። ይሄ ማኅበር አይባልም፣ ግዢ ነው፣ የቅድሙን ቢሮ ጠይቁ አሉኝ። የቅድሙ ቢሮ ምሳ ወጥቷል። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ። ሁሉም ሥራውን እየሠራ ያለ ይመስለዋል፣ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አንድ ሰው እንኳ ጉቦ ቢጠይቀኝ ቢያንስ የምቆጣበት ሰው አገኝ ነበር።

ሼሁ ፎጣቸውን አውልቀው ሰላጣው ላይ አለበሱት። ከጎን ካለው ሻይ ቤት በጀሪካን ውሃ ለምነው በከረጢቱ ላይ ሦስት አራት ጊዜ አርከፈከፉበት። ቆስጣው ግን አልቻለም። ቅጠሉ ጠወለገ፣ ከዚያ ጠርዙ ጠቆረ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ጨርቅ ተጣበቀ። ከታች ያለው የቲማቲም ሳጥን ጭማቂ ማንጠባጠብ ጀመረ፣ ዝንቡም መጣ።

አመሻሽ ላይ ተረኛው ተቀየረ። አዲሱ ልጅ ከረጢቱን በእግሩ ነካ አድርጎ «የገበሬ ነው አይደል? እለፉ» አለ። በቃ። ወረቀት የለ፣ ሕግ የለ፣ ማብራሪያ የለ። ቀኑን ሙሉ ያስቆመን ነገር በአንድ ቃል አለቀ። ይሄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ደሴ ስንገባ ጨልሟል። ድንቹ፣ ካሮቱና ቀይ ሥሩ ተርፈዋል። ቅጠሉን ለጎረቤት ላም ሰጠን። ሼሁ ለጠፋው ገንዘብ አንቀበልም ብለው ሲያስቸግሩ፣ የቅሬው ሰዎች ደግሞ «ሲጎድልም እንችላለን ብለን አይደል የፈረምነው?» አሏቸው። በዚህ እኮራለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገውን ልንገራችሁ። «መጀመሪያ ተደራጁ፣ ከዚያ ጀምሩ» የሚሏችሁን ተዉት። ስትደራጁ ሁለት ክረምት ያልፋል። ለጥቂት ቤት ብቻ የሚበቃ ጭነት ይሁን፣ ገበሬው ከጭነቱ አይለይ፣ ከቀበሌው ደግሞ «የራሱ ምርት ነው» የሚል ደብዳቤ ይያዝ። ሊቀ መንበሩን ቢሮ ሄዳችሁ አታገኙትም። ማልዳችሁ ቤቱ ሂዱ፣ ወደ ማሳው ሳይወጣ።

ጭነቱ ማክሰኞ ከሰዓት ይነሣ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ክርስቲያኑ ቤት ጎመኑ ትኩስ እያለ ይበላል። የረመዳን ጊዜ ሙስሊሙ ቤት ለአፍጥር ሰላጣና ቲማቲም በብዛት ይፈልጋል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ አዘራሩን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አስተያዩት። ረመዳኑ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ላይ ከወደቀማ ድርብ ነው፣ መደብ ጨምሩ።

ክረምት ላይ ቲማቲም ቃል አትግቡ። ምች ይመታዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጎመንና ድንች ነው፣ አለቀ። አንዲት እትዬ «ዛሬም ጎመን?» እያሉ አንድ ክረምት ሙሉ አኮረፉኝ። መስከረም ላይ የበቆሎ እሸት ሲመጣ ግን ቀድመው ዘንቢል ይዘው የቆሙት እሳቸው ነበሩ።

ደብዳቤው ላይ ቀንና ቁጥር መኖሩን፣ ማኅተሙም ፊርማው ላይ ማረፉን እዩ። ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ኦሪጅናሉን ይላሉ። ኦሪጅናሉ እንዳይቀደድ ብላችሁም ላሚኔት አታስደርጉት። አንዱ ተረኛ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት አልቀበልም ብሎ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ።