ስፖንሰሩ ሲጠፋ የአየር ሰዓቱን ኪራይ ማን ይክፈል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓርብ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ የተባለው በዚያ ቀን ነው፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተቋረጠ የተባለውም በዚያው ቀን። ኤፍ ኤም ላይ ስፖርት የሚሰራ ሰው ሁለቱን ዜና አንድ ላይ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት እስኪ፣ ጨዋታ ከሌለ ወሬ የለም፣ ወሬ ከሌለ ስፖንሰር የለም፣ የአየር ሰዓት ኪራይ ግን አለ።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው፣ እኛ ሀገር ኤፍ ኤም ላይ ከምትሰሟቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹን የሚሰሩት የጣቢያው ቅጥር ሰራተኞች አይደሉም፣ ተባባሪ አዘጋጆች ናቸው። ሰዓቱን ከጣቢያው ይገዛሉ፣ ስፖንሰሩን ራሳቸው ዞረው ያመጣሉ፣ ከዛ ላይ ኪራይ ይከፍላሉ፣ የተረፈውን ይካፈላሉ። ደህና ጊዜ ላይ ያስኬዳል። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ኪሳራው በሙሉ የሚያርፈው አቅም የሌለው ሰው ላይ ነው። እኔም በዚህ ስራ ውስጥ ስለነበርኩ ነው የምጽፈው፣ ዛሬም ነገሩ ስላልተለወጠ።

ደግሞ ኮሮና ሲመጣ ሬዲዮው ጤነኛ አልነበረም። ከዛ በፊት በነበረው ዓመት በ2011 የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥቶ የቢራ ማስታወቂያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ተከልክሎ ነበር። አዋጁን አልቃወምም፣ ልጆች የሚሰሙት ነገር ነው፣ ግን ስፖርትና መዝናኛው ቆሞ የነበረው በቢራ ብር ስለነበር ብዙ ፕሮግራም ገና ከዛ ሳያገግም ነው ሆቴሉ፣ የጉዞ ወኪሉ፣ የሰርግ አዳራሹ፣ የግል ትምህርት ቤቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ "እስኪ ይሄ ነገር ይለፍና እንነጋገራለን" ማለት የጀመሩት። ማንንም መውቀስ አይቻልም፣ እነሱም በር ዘግተዋል።

እና ምን ተደረገ? መጀመሪያ የሰሚው ሰዓት ተቀየረ። የአዲስ አበባ ሬዲዮ ትልቁ ሰሚ ታክሲ ውስጥ ነው ያለው፣ ሹፌሩ ከፈተ ማለት ሚኒባሱ ሙሉ ሰማ ማለት ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ ታክሲ በግማሽ ጫን ተባለ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፣ ቢሮ የሚገባውም ቀነሰ። ስለዚህ የጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወርቅ መሆኑ ቀረና 4 እና 5 ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ምሳ እየሰራ የሚሰማ ሰው በዛ። ይሄን ቶሎ ያየ አዘጋጅ ይዘቱን አዞረ፣ የመንገድ መጨናነቅ ወሬ ትቶ ልጆች ቤት ሲውሉ ምን ይደረግ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያለቀበት ሰው ክሊኒክ ሄዶ ሰልፍ ከመቆም ምን አማራጭ አለው፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ሀኪም ስልክ ላይ አስገብቶ መጠየቅ ጀመረ። ትምህርት ሚኒስቴርም የአንደኛ ደረጃውን ትምህርት በሬዲዮ ሲያስተላልፍ ስለነበር ጎረቤታችን አንድ ሬዲዮ ዙሪያ ሶስት ልጅ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ አይቻለሁ፣ ሬዲዮ አርጅቷል የሚሉ ሰዎች ያንን ቢያዩ ደስ ይለኝ ነበር።

ኮሮና ኮሮና ብቻ የሚል ፕሮግራም ግን አላዋጣም። ሰው ስልክ ሲደውል ጥሪው ራሱ ስለ ኮሮና ይነግረው ነበር፣ ቴሌቪዥን ሲከፍት የጊዜው የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ሰው እንደተያዘ ይነግሩት ነበር፣ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ትንሽ መተንፈስ ይፈልግ ነበር። የስፖርት ልጆች የድሮ ጨዋታ ትዝታ ይዘው የቆዩት ለዚህ ነው፣ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ እየደወለ ያወራ ነበር፣ የእንግሊዙ ፕሪሚየር ሊግ ሰኔ 10 እስኪመለስ ድረስ በዛ ነው የተገፋው።

አሰራሩም ተቀየረ። ስቱዲዮ ሁለት ሰው ብቻ ይግባ ሲባል ከቤት በስልክ ቀድቶ በቴሌግራም መላክ መጣ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ መቅዳት፣ ፍሪጁን ከሶኬት መንቀል፣ ምክንያቱም ጆሮ የለመደው ያ እምምም የሚለው ድምፅ ቅጂ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ቴክኒሻኑ አፅድቶ ያስተላልፈዋል። ጥራቱ ይቀንሳል፣ ሰሚው ግን ቅር አላለውም።

አሁን ወደ ሽያጩ፣ ዋናው እሱ ነው። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፣ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ጃን ሜዳ የገባው በዛ ጊዜ ነው። ከዛ የሚገዛ አንድ ነጋዴ ሽንኩርትና ቲማቲም በሞተር ቤት ለቤት ማድረስ ጀምሮ ነበር፣ በህይወቱ ማስታወቂያ አስነግሮ አያውቅም፣ የሶስት ወር ስፖንሰርሺፕ ብትለው ይደነግጣል። ምን አልነው፣ በሳምንት ክፈል፣ የማስታወቂያ ስፖት ቀርፀህ አታምጣ፣ ጠዋት የዕለቱን ዋጋ በቴክስት ላክልንና አዘጋጁ በቀጥታ ያንብብልህ። ሰው የሽንኩርት ዋጋ ለመስማት ሬዲዮ ከፈተ! ማስታወቂያው ራሱ ፕሮግራም ሆነ። ብሩ የአንድ ሆቴልን አይተካም፣ ግን እንደሱ ያሉ ፋርማሲ፣ ዳቦ ቤት፣ የሞባይል ጥገና ሲጨማመሩ ፕሮግራሙ በእግሩ ቆመ።

የድሮ ደንበኞችን በተመለከተ የእኔ አቋም ዋጋ አትቀንሱ ነው። አንዴ የወረደ ዋጋ አይመለስም። ዋጋው እንዳለ ሆኖ ደቂቃ ጨምሩለት፣ ውሉን አራዝሙለት፣ በሩን የዘጋውንም ስሙን አልፎ አልፎ በነፃ አንሱለት፣ ሲከፍት መጀመሪያ የሚደውለው ለእናንተ ነው።

ሁሉን ነገር ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እናድርገው ያሉም ነበሩ፣ እኔም ገፁ መኖር አለበት እላለሁ፣ ውጭ ያለው ወገን የሚሰማን በሱ ነው። ግን ሰኔ 23 ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሳምንታት ያ ሁሉ ዝም አለ፣ ኤፍ ኤሙ ግን በባትሪ ድንጋይ ይሰማ ነበር። ሬዲዮ የሚሸጠው ነገር ይሄ ነው፣ ለስፖንሰር ስታስረዱም ይሄን ንገሩት።

ጣቢያዎች ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። አንዳንዱ ኪራይ ቀንሶ ረድቷል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። የማውቀው አንድ ጣቢያ ደግሞ ኪራይ አንድ ወር ቢዘገይ ሰዓቱን ነጠቀ፣ ለዓመታት ሰሚ ያፈራ ፕሮግራም በደብዳቤ ጠፋ፣ ሰሚውም አብሮ ሄደ፣ ጣቢያውም ያንን ሰዓት ሙዚቃ ሲሞላበት ከረመ። ማን ተጠቀመ? ከገቢው በፐርሰንት እንካፈል ቢባል ኖሮ ጣቢያው ባዶ ሰዓት ከሚታቀፍ ትንሽም ቢሆን ይገባለት ነበር፣ የጣቢያው የማርኬቲንግ ክፍልም ስፖንሰር ፍለጋ አብሮ ይሮጥ ነበር።

ስለዚህ አዲስ ዓመት ላይ ውል የምታድሱ ልጆች፣ ሰዓቱና ዋጋው ላይ ብቻ አትከራከሩ፣ በመንግስት ትዕዛዝ ስራ ሲቆም ኪራዩ ወደ ፐርሰንት ይቀየራል የሚል አንቀፅ ይግባ በሉ። እምቢ ካሉ ቢያንስ የሁለት ወር የመክፈያ ጊዜ ጠይቁ፣ በቃል ሳይሆን በፅሁፍ፣ ማህተም ያለበት።