ዳርቴ ለምን ሁሌ 1 ላይ ያርፍ ነበር

የደብረ ብርሃን የኅዳር ማታ ከቤት አያስወጣም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ፀሐይ ከጠለቀች ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። አምና በዚያ ሰሞን አንድ ጓደኛዬ የዳርት ጌም በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩት። ቀላል መስሎኝ ነበር። አስተካክዬ መወርወር እስክችል ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። እኔ የባከንኩበት ላይ ሌላው እንዳይባክን ነው የምጽፈው።

ዳርት ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ዳርት ሰሌዳ ላይ የምትወረወር ትንሽ ሹል ቀስት ናት። ሰሌዳው ክብ ነው። እንደ ድፎ ዳቦ 20 ቦታ ተሸንሽኖ እያንዳንዱ ቁራሽ ቁጥር አለው። ዳር ላይ ያለው ቀጭን ቀለበት ደብል ነው፣ የቁጥሩን እጥፍ ይሰጣል። በዳሩና በእምብርቱ መካከል ያለው ቀጭን ቀለበት ትሪፕል ነው፣ ሦስት እጥፍ። እምብርቱ 50፣ በዙሪያው ያለው 25። በአንድ ተራ ሦስት ዳርት ይወረወራል። ከ501 ተነስቶ ያስቆጠሩትን እየቀነሱ ልክ 0 ላይ መድረስ ነው፤ የመጨረሻዋ ዳርት ደግሞ የግድ ደብል ላይ ማረፍ አለባት።

ሁሉም ጀማሪ ዓይኑ የሚያርፈው አናት ላይ ባለው 20 ላይ ነው። ሦስቱም ትሪፕል 20 ላይ ከገቡ 180 ይሆናል፤ በአንድ ተራ ከዚያ በላይ የለም። ችግሩ ጎረቤቶቹ ናቸው። ከ20 በስተቀኝ 1፣ በስተግራ 5 ነው ያለው። ለጥቂት የሳተ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የእኔ ጌም አወራወር እንዲህ ነው። ማውሱን ተጭኜ ስይዝ ማነጣጠሪያዋ ክብ ትመጣለች። ዝም ብላ ግን አትቆምም፤ የሰው እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች። ጣቴን ከማውሱ ሳነሳ ዳርቱ ይወረወራል። እኔ ክቧ 20 ላይ እስክትደርስ ጠብቄ እለቅ ነበር። ዳርቱ 1 ላይ ያርፋል። እንደገና፣ 1። በቃ ጌሙ ይበላኛል ብዬ ደመደምኩ። የሦስት ሳምንት ማታ በዚህ አለቀ።

መላውን ያገኘችው የ8ኛ ክፍል ተማሪዋ እህቴ ናት። አጠገቤ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ቆይታ በደብተሯ ጀርባ እያንዳንዷ ዳርት የት እንዳረፈች መመዝገብ ጀመረች። አልጠየቅኳትም፣ ቁጥር ትወዳለች። 60 ዳርት ከወረወርኩ በኋላ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። 20 ላይ 17። 1 ላይ 31። 5 ላይ 4። የቀረው እዚህም እዚያም።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ዝም ብለህ አይደለም የምትስተው» አለችኝ። «ሁሌ ወደ ቀኝ ነው የምትስተው።»

ሠላሳ አንድ ለአራት። ያቺን ገጽ አሁንም አስቀምጫታለሁ። ዝም ብሎ የሚንቀጠቀጥ እጅ ቢሆን ኖሮ ግራና ቀኝ እኩል በሳትኩ ነበር። አንድ አቅጣጫ ካለው ምክንያት አለው። ሳስበው ገባኝ፦ እኔ የምጠብቀው ክቧ ከግራ ወደ ቀኝ ስታልፍ ነበር። ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ የሰከንድ ሩብ ያህል ይሄዳል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ክቧ 20ን አልፋ 1 ላይ ደርሳለች። እኔ 20 ላይ ሳያት ለቀቅኩ እላለሁ እንጂ የምለቀው 1 ላይ ነው።

ይሄን ነገር በልጅነቴ በእጄ አውቀው ነበር። መንዝ፣ እናቴ ዘመዶች ዘንድ፣ ገብስ ሲያሽት ጭላዳ ማሳ እንዳይገባ በወንጭፍ እንጠብቅ ነበር። የወንጭፉ አንዱ ጫፍ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው ይለቀቃል። ድንጋዩ ዒላማው ፊት ለፊት እስኪመጣ የጠበቀ ልጅ ድንጋዩ ሌላ ቦታ ይሄድበታል። ቀደም ብሎ መልቀቅ ነው። ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም፣ እጃችን ለመደው።

ስለዚህ እንደ ወንጭፉ ቀደም ብዬ መልቀቅ ጀመርኩ። ክቧ 5 ላይ ስትደርስ እለቃለሁ፣ ዳርቱ 20 ላይ ያርፋል። ሠራ! ለአራት ቀን ያህል ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ከዚያ አንድ ማታ መብራት ጠፋና በባትሪ መጫወት ስጀምር ሁሉም ተበላሸ። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ምስሉ ይንቀራፈፋል፣ የለመድኩት ምት ይጠፋል። ብርድ ሲጠነክርም እንደዚሁ፣ ጣት ይደነዝዛል። በምት ላይ ብቻ የቆመ አወራወር ምቱ ሲነካ ይፈርሳል።

የሚሻለውን ያገኘሁት ክቧን ሳልወረውር ዝም ብዬ በማየት ነው። አንድ ሙሉ ማታ አንድም ዳርት አልወረወርኩም። ዥዋዥዌ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል፦ ገመዱ መሃል ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ለመመለስ ቅጽበት ቀጥ ይላል። ክቧም እንደዚያው ናት። እኔ ግን የምለቀው ሁልጊዜ መሃል ላይ፣ ከሁሉም ቦታ በምትፈጥንበት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማነጣጠሪያዬን ወደ ግራ፣ 5 ላይ አድርጌ እይዛለሁ። የውዝዋዜዋ ቀኝ ጫፍ ልክ 20 ላይ ይወድቃል። እዚያ ደርሳ ቀጥ ስትል እለቃለሁ። ትንሽ ብዘገይም ክቧ ገና ብዙ አልራቀችም። በባትሪም ሆነ በብርድ ይህኛው አይከዳም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ይህን ይውሰድ።

ከዚህ በፊት መስተካከል የነበረበት የማውሱ ሴቲንግ ነበር። ዊንዶውስ ማውሱን በፍጥነት ስናንቀሳቅሰው ጠቋሚው ከእጃችን አብልጦ እንዲሮጥ ያደርጋል፤ ማንም ሳይነካው ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው። ለሌላ ሥራ ይጠቅም ይሆናል። ዳርት ላይ ግን ያው የእጅ እንቅስቃሴ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ያደርሳል። ዝጉት። በላፕቶፑ በጣት በሚነካው ፓድ መጫወትም ይቅር፣ ርካሽ ማውስም ቢሆን ይበልጠዋል።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ሙሉ ጨዋታ መጫወት ብዙም አያስተምርም። ማታ ማታ 30 ዳርት አንድ ቁጥር ላይ ብቻ እወረውር ነበር፣ ከመጀመሬ በፊት የሻይ ብርጭቆ ይዤ ጣቴን አሙቄ። እህቴ ስትመዘግብልኝ፣ እሷ ስትተኛ እኔው ስመዘግብ። አንድ ዳርት ሲስት ማነጣጠሪያዬን አላንቀሳቅስም። አሥሩ ተሰብስበው አንድ ጎን ሲያርፉ ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ቀድሞ በእያንዳንዷ ስህተት ወዲያና ወዲህ ስል ስህተቱን እያበዛሁት ነበር።

እጅ እስኪረጋ ደግሞ 20ን መተው ያዋጣል። የሰሌዳው ግራ ጎን ላይ 14፣ 11፣ 8 እና 16 ተደርድረዋል። እዚያ መሃል ያነጣጠረ ሰው ቢስትም ደህና ቁጥር ያገኛል። ትንሽ ከተሻሻሉ በኋላ 19 አለ፤ ትሪፕሉ 57 ነው፣ ከ60 በሦስት ብቻ ያንሳል። ጎረቤቶቹ 3 እና 7 ናቸው።

መጨረሻው ላይ 32 ማስቀረት እወዳለሁ። ደብል 16 ይቀራል ማለት ነው። ስቼ ደብል ያልሆነው 16 ላይ ብገባ 16 ይቀረኛል፣ ደብል 8። እሱንም ብስት 8፣ ደብል 4። እንዲህ እያለ እስከ ደብል 1 ይወርዳል። 38 ቢቀረኝ ግን ደብል 19ን ስቼ ደብል ያልሆነው 19 ላይ ከገባሁ ጎዶሎ ቁጥር ይቀረኛል፣ ለማስተካከል ሌላ ዳርት ይበላል። ከቀረው በላይ ማስቆጠር ወይም 1 ማስቀረት ተራውን ስለሚያሰርዝ ይህን ሒሳብ ቀድሞ ማሰብ ነው።

የገና ዕለት፣ ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ሳለ፣ እህቴ ያንኑ የ60 ዳርት ቆጠራ ደገመችልኝ። 20 ላይ 41 ገባ። 1 ላይ 9፣ 5 ላይ 7። ቁጥሩን ከበበችና «አሁን አንተ ጻፍ» ብላ ማውሱን ተቀበለችኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ወረወረች። ስድስቱ 5 ላይ አረፉ። ክቧ ከቀኝ ስትመለስ ነበር የምትጠብቀው። አልነገርኳትም፤ ደብተሩን ገልጬ አንድ በአንድ ጻፍኩላት።